ከቦሌ አየር ማረፊያ መኪና ማስያዝ፦ ሰዓቱ፣ ሻንጣው፣ ዋጋውና መገናኛው

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ እስከ መስቀል አደባባይ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሲለቅ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ሰው የሚንገላታው መኪናው ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ሹፌሩ በማግስቱ ይመጣል፣ ስምንት ሻንጣ ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ ቪትዝ ይላካል፣ «ቦሌ ነው» የተባለው ቤት ቦሌ አራብሳ ሆኖ ይገኛል፣ ተሳፋሪው በር ላይ ሹፌሩ ፓርኪንግ ውስጥ ቆመው ግማሽ ሰዓት ይፈላለጋሉ። አብዛኛው ችግር ቀደም ብላ በምትላክ አንዲት በደንብ የተጻፈች መልእክት ይቀራል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሹ የሚያወራው ስለዚያች መልእክት ነው።

1. መጀመሪያ፣ ማስያዝ ያስፈልግዎታል?

ሁሉም ሰው አያስፈልገውም። ብቻዎን ሆነው፣ አንድ ሻንጣ ይዘው፣ በቀን የሚገቡ ከሆነና ማረፊያዎ ቦሌ አካባቢ ያለ ሆቴል ከሆነ፣ የሆቴሉ መኪና ወይም ሜትር ታክሲ ይበቃዎታል። ራይድ የተባለውን የሜትር ታክሲ አገልግሎት በመተግበሪያው ብቻ ሳይሆን በ8294 ደውሎም መጥራት ይቻላል፤ ኢንተርኔት ለሌለው ስልክ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሆቴሉ መኪና የሚሄዱ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ቀድመው ይጠይቁ፦ ነጻ ነው ወይስ ሒሳብ ላይ ይደመራል? የበረራ ቁጥሬን መዝግባችኋል? «መኪና አለን» ማለትና «እርስዎን የሚጠብቅ መኪና አለ» ማለት አንድ አይደለም። ክፍል የያዙበት ድረ ገጽ ላይ «የአየር ማረፊያ ማመላለሻ አለ» የሚል ስላዩ ብቻ መኪና ተይዞልኛል ብለው አይምጡ።

ቀድሞ ማስያዝ የሚያዋጣው በሌሊት ሲገቡ፣ ቤተሰብ ይዘው ብዙ ሻንጣ ሲኖር፣ አረጋዊ ሰው ብቻውን ሲመጣ፣ ከአውሮፕላን ወርደው በቀጥታ ወደ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሲያልፉ፣ እንዲሁም መሥሪያ ቤትዎ ደረሰኝ ሲፈልግ ነው።

2. ከማን ይያዛል?

ኮንትራት የሚይዙት ከአስጎብኚ ወይም ከመኪና አከራይ ድርጅት፣ ወይም ዘመድ ከሚያውቀው ሹፌር ነው። የሚታወቅ ሹፌር ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ስልኩንም ያነሳል። ድርጅት የሚሻለው ሹፌሩ ቢታመም ወይም መኪናው ቢበላሽ ሌላ የሚልክ ስላለ ነው። ከሹፌር ጋር ሲዋዋሉ ስለዚህ ይህን ይጠይቁ፦ «አንተ ካልቻልክ ማን ይመጣልኛል?» የሚጠራው ሰው ከሌለው ሌላ ይፈልጉ፤ ወይም ተጠባባቂ ቁጥር እርስዎ ይያዙ።

ታርጋውን ማየትም ደግ ነው። በነባሩ የሰሌዳ አሰጣጥ ኮድ 1 ቀዩ የታክሲ፣ ኮድ 2 ሰማያዊው የግል መኪና፣ ኮድ 3 አረንጓዴው የንግድ ነው። በኮድ 2 መኪና ኮንትራት የሚሠራ ሞልቷል። ነገር ግን የመኪናው መድን የተገባው ለግል አገልግሎት ስለሆነ፣ በክፍያ ሰው ጭኖ አደጋ ቢደርስ የካሳው ነገር ያጨቃጭቃል። ደረሰኝም አይቆርጥልዎትም። ከተማ ውስጥ ለአጭር መንገድ ብዙ ሰው አይጨነቅበትም፤ ከከተማ ለሚወጣ ጉዞ ግን ኮድ 3 ይያዙ።

3. ቀንና ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ይጻፉ

ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠፋፋው እዚህ ላይ ነው። ትኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በፈረንጅ ቀን ነው፤ ሹፌሩ የሚኖረው ግን በእኛ ሰዓት ነው። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ስለሆነ ትኬት ላይ 07:40 ያለው ከጠዋቱ 1፡40 ነው፤ 20:30 ያለው ከምሽቱ 2፡30 ነው። «8 ሰዓት እደርሳለሁ» ብቻ ብለው ከላኩ ሹፌሩ ከቀኑ 8 ይሁን ከሌሊቱ 8 መገመት አለበት፤ እርስዎ ያሰቡት ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር። «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚሉት ቃላት መቼም አይቅሩ።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚያርፍ ወይም የሚነሳ በረራ ነው። ትኬቱ «እሁድ፣ ማርች 15፣ 00:35» ይላል እንበል። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀይሯል። በእኛ አነጋገር ግን ያ ሌሊት ገና የቅዳሜ ነው፤ እሁድ አልነጋም። «እሁድ ከሌሊቱ 6፡35» ብለው ቢጽፉ ሹፌሩ እሁድን ውሎ፣ እራቱን በልቶ፣ እሁድ ማታ ወደ ቦሌ ይወጣል። እርስዎ ከደረሱ አንድ ቀን ሙሉ አልፏል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ለዚህ ቋንቋችን የተዘጋጀ መድኃኒት አለው፦ «ቅዳሜ ማታ፣ ለእሁድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡35»። «ለእሁድ አጥቢያ» የሚለውን አንብቦ በማግስቱ የሚመጣ ሹፌር አይኖርም። ትኬቱ ላይ ከ00:00 እስከ 06:00 ድረስ ያለ ማንኛውም ሰዓት በዚህ መንገድ ይጻፍ።

የሳምንቱ ቀን ከሁለቱም የቀን መቁጠሪያዎች ጋር አብሮ ይጻፍ፦ «ቅዳሜ፣ መጋቢት 5 ቀን 2018፣ ማርች 14»። ጳጉሜ 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ማግስት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ድረስ ያለው ማዛመጃ በአንድ ቀን ይዛነፋል፤ የሳምንቱ ቀን ከተጻፈ ግን ስሕተቱ ወዲያው ዓይን ላይ ይወድቃል። ሹፌሩም «ቅዳሜ እኮ 5 ነው፣ 6 አይደለም» ብሎ ይመልስልዎታል።

4. የበረራ ቁጥሩ

ሹፌሩ መዘግየቱን በራሱ እንዲከታተል የበረራ ቁጥሩን ይስጡት። የሚሰጠው አዲስ አበባ የሚያርፈው የመጨረሻው በረራ ቁጥር ነው። ከዳላስ ተነስቶ በዋሽንግተን ደለስ ለሚያልፍ ሰው የዳላሱ ቁጥር ለሹፌሩ ምንም አይነግረውም፤ የሚጠቅመው ኢቲ 501 ነው። ትኬቱን የሸጠው ሌላ አየር መንገድ ከሆነ ትኬቱ ላይ የሻጩ ቁጥር ሊታይ ይችላል፤ ከሥሩ በትናንሹ «በዚህ አየር መንገድ የሚበር» የሚለውን ፈልገው የበራሪውን ቁጥር ይላኩ። ሹፌሩ የበረራ መከታተያውን ፍላይትራዳር24 መጠቀም ካልለመደ አዲስ አበባ ያለ አንድ ዘመድ ይህን ሥራ ይያዝ።

መነሻ ሰዓቱን ስለማስላት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚያመጣቸውን አውሮፕላኖች በጠዋት ተቀራርበው እንዲያርፉ ያደርጋል፤ ከዚያ መንገደኛው ወደ አፍሪካ ከተሞች ይከፋፈላል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30 ባለው ጊዜ የፓስፖርት መስመሩም የሻንጣ መቀበያውም ይጨናነቃል። አውሮፕላኑ ካረፈ እስከ በር ድረስ አንድ ሰዓት፣ ሲብስ አንድ ሰዓት ተኩል ይቁጠሩ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወይም ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ይዞ፣ የእጅ ሻንጣ ብቻ አንጠልጥሎ የሚወጣ ሰው በ40 ደቂቃ ሊጨርስ ይችላል። ቪዛ እዚያው የሚያወጣ፣ ቴሌቪዥን ወይም ብዙ ኤሌክትሮኒክስ ይዞ ጉምሩክ የሚቆም ግን ከዚህ በላይ ይጠብቅ። ከሹፌሩ ጋር ስትስማሙ «1፡40 ና» አይባልም፤ «1፡40 ያርፋል፣ ካረፈ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት መጠበቅ በዋጋው ውስጥ ነው» ይባላል።

5. ሻንጣ ከሰው በፊት ይቆጠር

«አራት ሰው ነን» ማለት መኪና ለመምረጥ አይበቃም። ከአሜሪካ በኢኮኖሚ ለሚመጣ ሰው በተለምዶ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል። አራት ቤተሰብ ማለት እንግዲህ ስምንት ሻንጣ፣ 184 ኪሎ፣ ከዚያም በላይ አራት የእጅ ሻንጣ ነው። የአንዱ ትልቅ ሻንጣ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ሲደመር እስከ 158 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህን ይዘው መኪናውን ሲያስቡት፦

ቪትዝ ወይም ያሪስ አንድ ትልቅ ሻንጣና አንድ የእጅ ሻንጣ ከኋላ ይይዛል፤ ለአንድ፣ ቢበዛ ለሁለት ሰው ነው።

ኮሮላ ወይም ዲዛየር ሁለት ትልቅ ሻንጣ ከኋላ ይይዛል። ሦስተኛው የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ያኔ አንድ ሰው ቀነሰ ማለት ነው።

ኖህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት መኪና ነው። «ሰባት ሰው ይጭናል» ሲባል እውነት ነው፤ ግን የመጨረሻው ረድፍ ወንበር ከተዘረጋ ከኋላው ሻንጣ አይገባም። ወንበሩ ታጥፎ አራት ሰውና አራት ወይም አምስት ትልቅ ሻንጣ ብለው ያስሉት።

ከዚያ በላይ ከሆነ ሃይሩፍ፣ ዶልፊን ወይም አባዱላ የሚባለው ሚኒባስ ነው። ስምንት ሻንጣ ያለው ቤተሰብ በሁለት ትናንሽ መኪና ከመከፋፈል አንድ ሃይሩፍ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ድምር ያንሳል፣ ሻንጣም አይጠፋፋም።

«ፖርቶመጋላ አለው፣ ላይ እንጭነዋለን» የሚል ሹፌር ካጋጠመዎ ገመድና ሸራ መኖሩን ይጠይቁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሸራ ከሌለ አይቀበሉ፤ የክረምቱ ዝናብ ከቦሌ እስከ ጀሞ ለመድረስ ከሚፈጀው ጊዜ ባነሰ ሻንጣውን ያረጥበዋል።

አንድ ሰው የሚረሳው ነገር ደግሞ ተቀባዩ ነው። ልጅ ከስንት ዓመት በኋላ ሲመጣ አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ አበባ የያዙ ሕፃናት በተያዘው መኪና ተሳፍረው ቦሌ ይመጣሉ። ሲመጡ ሞልተው የመጡበት መኪና ሲመለስ እንግዳውንም ሻንጣውንም መያዝ አለበት። ለተቀባይ ዘመድ የሚሆነውን ወንበር አብረው ይቁጠሩ፤ ወይም «ተቀባይ በራሱ ይምጣ» ብለው ቀድመው ይናገሩ። ቅር የሚለው ሰው ይኖራል፤ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ ማን ይውረድ እየተባባሉ ከመነታረክ ግን ይሻላል።

ለሕፃን የሚሆን የመኪና ወንበር ከፈለጉ ይዘውት ይምጡ። አብዛኛው ሹፌር የለውም።

6. አድራሻው

በአዲስ አበባ የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ማንንም ቤት አያደርስም። ሹፌር የሚሄደው በሰፈር ስም፣ በታወቀ ምልክትና በስልክ ነው። ሎኬሽን በቴሌግራም ይላኩ፤ ግን ብቻውን አይተማመኑበት፤ ቦታውን ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚልክ ሰው አንዳንዴ ከጀርባው ያለውን መንገድ ይልካል። ምልክቱ በቃልም ይጻፍ፦ የትኛው ቤተክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ስንተኛው ቅያስ፣ የበሩ ቀለም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የሳይቱ ስም፣ የብሎክ ቁጥር፣ በየትኛው በር እንደሚገባ።

ስማቸው የሚያሳስት ቦታዎች አሉ። ቦሌ አራብሳና ቦሌ ለሚ «ቦሌ» ስለተባሉ ብቻ ከአየር ማረፊያው አጠገብ አይደሉም፤ አራብሳ የከተማው ምሥራቅ ጫፍ ነው። «ቦሌ» ብለው የተስማሙበት ዋጋ እዚያ ሲደርስ ጭቅጭቅ ያመጣል። ሰሚት የሚለውም አይበቃም፤ ፍየል ቤት ነው፣ 72 ነው ወይስ ኮንዶሚኒየሙ? ጊዮርጊስ ሲሉ የፒያሳው ነው ወይስ የገርጂው? ሚካኤልና ማርያም ደግሞ በየሰፈሩ አሉ።

ማታ ለሚገባ ሰው የቤቱ ዘበኛ ወይም ነቅቶ የሚጠብቅ የቤት ሰው ስልክ አብሮ ይላክ። ሹፌሩ በውድቅት ሌሊት ጥሩምባ እያሰማ ሰፈር አያስነሳም።

7. ዋጋው ይቆረጥ

ዋጋ ሲጠየቅ «ስንት ነው?» ብቻ አይበቃም፤ «ስንቱን ጨምሮ ነው?» ይበሉ። የፓርኪንግ ክፍያ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ የመጠበቂያ ጭማሪ እንዳለ፣ የሌሊት ጭማሪ፣ በመንገድ ላይ ኬክ ለመውሰድ ወይም ሌላ ሰው ለማውረድ መቆም፣ ወደ አዳማ ከሆነ የፈጣን መንገዱ ክፍያ፤ ሁሉም ቀድመው ይነገሩ። ዋጋው በብር ይጻፍ። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ በዶላር ታስቦ የተነገረ ዋጋ «በየትኛው ቀን ምንዛሪ?» የሚል ክርክር ያስነሳል፤ ሰው ደክሞት በሚወርድበት ሰዓት ይህን ማስላት አይፈልግም።

ለማያውቁት ሰው ሙሉውን ቀድመው አይክፈሉ። ቀብድ ከጠየቀ የተወሰነውን በቴሌብር ወይም በባንክ ይላኩለት፤ ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት የሚታየው የተቀባይ ስም ከነገረዎት ስም ጋር መግጠሙን ይዩ። ቀሪው ቤት ሲደርሱ ይከፈል። ደረሰኝ የሚያስፈልገው ሰው በምን ስም እንደሚቆረጥ አስቀድሞ ይናገር፤ ሹፌሩ ከሄደ በኋላ ደረሰኝ ማሳደድ ከባድ ነው።

8. መልእክቱ

እናትዎን ለሚያነሳ ሹፌር የሚላክ መልእክት ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። የምታነሳልኝ እናቴን ነው፤ ወይዘሮ አልማዝ ይባላሉ። ከዋሽንግተን በኢቲ 501 ነው የሚመጡት። የሚያርፉት ቅዳሜ መጋቢት 5፣ ማርች 14፣ ከጠዋቱ 1፡40 ግድም ነው። ሰው አንድ፣ ትልቅ ሻንጣ ሁለት፣ የእጅ ቦርሳ አንድ። በዊልቸር ነው የሚወጡት። የምታደርሳቸው ሰሚት ፍየል ቤት ነው፤ ሎኬሽኑን ለብቻው ልኬልሃለሁ። ቤት የሚጠብቃቸው ወንድሜ ነው፤ ስልኩ ከታች አለ። የተስማማነው ዋጋ ፓርኪንግና ካረፉ በኋላ ሁለት ሰዓት መጠበቅን ጨምሮ ነው፤ ቀሪው ቤት ሲደርሱ በቴሌብር ይከፈልሃል። የመኪናህን ዓይነት፣ ቀለምና ታርጋ ላክልኝ። ቀኑንና ሰዓቱን ደግሞ መልሰህ ጻፍልኝ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ትበልጣለች። «እሺ» የሚል መልስ መልእክቱ መነበቡን አያሳይም፤ እሺ ማለት ጨዋነት ነው። «ቅዳሜ ጠዋት 1፡40፣ ሰሚት፣ በዊልቸር» ብሎ የመለሰ ሹፌር ግን አንብቧል። ከጉዞው በፊት በነበረው ምሽት አንድ ጊዜ ይደውሉለት፤ በዚያው ጥሪ ስልኩ መሥራቱንም ያረጋግጣሉ። ከውጭ አገር ሲደውሉ የመጀመሪያዋ ዜሮ ወጥታ +251 ትገባለች፤ ለእናትዎ በወረቀት ሲጽፉላቸው ግን በዜሮ የሚጀምረውን ይጻፉ፤ አዲስ አበባ ሆነው ከሰው ስልክ ማስደወል ሊኖርባቸው ይችላል።

ዊልቸር የሚታዘዘው ለአየር መንገዱ ነው፣ ለሹፌሩ አይደለም። ትኬት ሲቆረጥ፣ ካልሆነም ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ይጠየቅ። የሚገፋው ሠራተኛ መስመሩን አሳልፎ፣ ሻንጣውን አስይዞ ወደ መውጫው ስለሚያደርሳቸው የሹፌሩን ስልክ የያዘች ወረቀት በእጃቸው ትሁን። ቦርሳ ውስጥ ከሆነች ቦርሳው ሻንጣው ላይ ይጫናል፣ ከዚያ ማንም አያገኛትም።

9. ካረፉ በኋላ

አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ «አረፍኩ» ብለው ይላኩ። ሻንጣዎን ከወሰዱ በኋላ «ሻንጣ ይዣለሁ፣ ልወጣ ነው» ይበሉ። ፓርኪንግ በሰዓት ስለሚከፈልበት ብዙ ሹፌር ከግቢው ውጭ ቆይቶ ሁለተኛውን መልእክት ሲያገኝ ነው የሚገባው። አንደኛውን ብቻ ከላኩ ወይ ቀድሞ ገብቶ ይከፍላል፣ ወይ ውጭ ሆኖ ይቀራል።

ስልክዎ የውጭ ሲም ብቻ ያለው ከሆነ ከመውጣትዎ በፊት አዳራሹ ውስጥ ካሉት የቴሌኮም መስኮቶች ሲም ይግዙ፤ ፓስፖርት ይጠየቃሉ። ወረፋ ካለ ለሹፌሩ ይንገሩት። አንዴ ከወጡ ተመልሶ መግባት የለም።

ተቀባይ ወደ ተርሚናሉ ውስጥ አይገባም፤ ዘመድም ሹፌርም የሚጠብቀው ውጭ ፓርኪንጉ በኩል ነው። ስለዚህ «በር ላይ ጠብቀኝ» የሚለው ቃል ትርጉም የለውም። አንድ የማይንቀሳቀስ ምልክት ይምረጡ፤ «ከተርሚናል 2 ውጭ ሰው የሚጠብቅበት አጥር ጋ፣ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት ይዘህ» ይበሉት። ከዚያ እርስዎ አይንቀሳቀሱ፤ እሱ ይፈልግዎት። ሁለቱም ሲፈላለጉ ነው የማይገናኙት።

ወረቀቱን ሲያዩ «አንተ እነ እገሌ የላኩህ ነህ?» ብለው አይጠይቁ፤ ማንም ሰው «አዎ» ሊልዎት ይችላል። «ማንን ነው የምትጠብቀው? ወዴት ነው የምታደርሰው?» ይበሉ፤ ከዚያ ታርጋውን ከተላከልዎት ጋር ያስተያዩ። ጋሪዎን ለመግፋት እጁን የሚዘረጋ ሰው ካልፈለጉት ገና ሳይነካው በትሕትና «አመሰግናለሁ፣ ሰው አለኝ» ይበሉ፤ ከገፋ በኋላ ጉርሻ አለመስጠት አይቻልም።

«እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ውጡልኝ» የሚል ሹፌር የፓርኪንግ ክፍያ ሊቆጥብ ነው። ሻንጣ ይዘው አይሂዱለት፤ ክፍያው በዋጋው ውስጥ ነው የተባለውም ለዚህ ነበር።

ከወጡ 20 ደቂቃ አልፎ ሹፌሩ ካልታየና ስልኩ ካልተነሳ፣ ወደ ተጠባባቂው ቁጥር ይደውሉ፤ እሱም ካልተገኘ ሜትር ታክሲ ይጥሩ ወይም እዚያው ከቆሙት ታክሲዎች ዋጋ ቆርጠው ይያዙ። ለቀጠሩት ሹፌር «ሄጃለሁ» የሚል መልእክት ትተው ይሂዱ።

10. ሲመለሱ

የመመለሻው ጉዞ የራሱ ወጥመድ አለው። ወደ አሜሪካና አውሮፓ የሚሄዱት አብዛኞቹ አውሮፕላኖች የሚነሱት ማታና እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ትኬቱ 22:40 ካለ ከምሽቱ 4፡40 ነው። ለዓለም አቀፍ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል፤ ከምሽቱ 1፡40 ሆነ። ከጀሞ ወይም ከአያት ለመድረስ ሲያስቡት ደግሞ ከ11፡30 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መንገድ ላይ መሆን አለብዎ፤ ከተማው ሁሉ ከሥራ ወደ ቤት በሚገባበት ሰዓት ማለት ነው። በረራው የሌሊት ስለሆነ መንገዱ ባዶ ይሆናል ብሎ ማሰብ ብዙ ሰው አውሮፕላን አስመልጦታል። ሹፌሩን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ይቅጠሩት፦ የበረራ ሰዓት፣ ሲቀነስ ሦስት ሰዓት፣ ሲቀነስ የመንገዱ ጊዜ፣ ሲቀነስ ግማሽ ሰዓት ለስንብት። የመጨረሻዋን አትርሱ፤ በር ላይ ያለ ልቅሶና ምርቃት በአምስት ደቂቃ አልቆ አያውቅም።

መንገድ የሚዘጋባቸው ቀኖች አሉ፦ የመስከረም 16 ደመራ፣ የኅዳር ታላቁ ሩጫ እሁድ ጠዋት፣ ጥር 10 እና 11 ታቦታት ሲወጡና ሲገቡ፣ የካቲት መጀመሪያ አካባቢ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ። በጉባኤው ሰሞን የቦሌ መንገድ ለእንግዶች አጀብ ድንገት ይቆማል፤ መቼ እንደሚከፈት ትራፊክ ፖሊሱም አይነግርዎትም። በእነዚህ ቀናት ሌላ አንድ ሰዓት ይጨምሩ።

ወደ ግቢው ሲገቡ ፍተሻ አለ፤ ተርሚናሉ በር ላይም ሻንጣው ሁሉ በማሽን ያልፋል፣ ፓስፖርትና ትኬት ይታያል። ትኬቱ ስልክ ላይ ከሆነ ስልኩ ቻርጅ ይኑረው። ሸኚ ከዚያ በር አያልፍም፤ ስለዚህ ሻንጣ ከልክ በላይ ከሆነ አውጥቶ ለዘመድ መስጠት የሚቻለው ከበሩ በፊት ነው። ሻንጣዎቹን ቤት መዝነው፣ 23 ኪሎ ላይ አቁመው ይውጡ። የአገር ውስጥ በረራ ያለው ሰው ደግሞ ተርሚናሉ ሌላ መሆኑን ለሹፌሩ ይንገር። ሹፌሩን ወዲያው አያሰናብቱ፤ ፍተሻውን አልፈው መዝጋቢው ሻንጣዎን እስኪቀበል ድረስ አንድ ሸኚ ከእሱ ጋር ይቆይ። «ተቀብለውኛል» የሚለው መልእክት ሲደርሰው መኪናው ይሂድ።